አባይ በረሃ ላይ የወደቀው ስፔኪዮ

እናቴ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥላለች። አባይ ድልድይ እስክንደርስ አትገልጠውም። ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከኋላ ወንበር፣ በቀኝ በኩል ነው፤ ፊት ተቀመጪ ብዬ ብለምናት እሺ አትልም። «ገደሉን አንተ እየው፤ እኔ ምን ቤት ነኝ» ትለኛለች። ድልድዩ ላይ ወጥተን የጎማው ድምፅ ሲለወጥ ከነጠላው ሥር ሆና አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ «ጎጃም ገባን?» «ገባን እማዬ» ስላት ነጠላው ይገለጣል። ያን ጊዜ ፊቷን አየዋለሁ። ዞሬ አይደለም፤ በስፔኪዮው ነው።

መኪናው የአባቴ ነበር፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ወደ እኔ ዞሯል። ስፔኪዮው ላይ ያንጠለጠለው መቁጠሪያ እንዳለ ነው። ከእንጨት የተሠራ፣ ጫፉ ላይ የናስ መስቀል ያለበት መቁጠሪያ ነው፤ ካረፈ ጀምሮ ማናችንም እጃችንን አላሳረፍንበትም።

በ2011 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ እናቴን ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ እየመለስኳት ነበር። የዓይን ሞራዋን አስገፍፋ ነው የከረመችው። ድልድዩን አልፈን የደጀንን ዳገት ስንያያዘው ሞተሩ ሞቀብኝ። ዳር ይዤ ቆምኩና ኮፈኑን ከፍቼ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ሰዓቱ ስምንት ገደማ ነው። የአባይ በረሃን ፀሐይ የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ ከደጀን አፋፍ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነውና፣ ላይ ጋቢ የሚያስደርበው አየር ታች ሲደርስ እሳት ይሆናል። እናቴ አንዲት ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ አለች። መኪናው ግን መስኮቱ እንደተዘጋ ፀሐዩን ሲጠጣ ቆየ።

ተነሥተን ትንሽ እንደሄድን ስለ ጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ታወራኝ ጀመር። እዚያ አካባቢ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ይሰነጠቃል፣ ይጎብጣል። አንዱን ጉብታ ስንዘል፣ ዓይኗን ፈልጌ ቀና ስል፣ ስፔኪዮው ቦታው ላይ የለም። ካምቢዮው ላይ ወደቀ፤ ከዚያ ጉልበቴን መትቶ እግሬ ሥር ገባ። መቁጠሪያው ተከትሎት ወረደ። በዚያች ቅጽበት ያስደነገጠኝ ጉልበቴ አይደለም፤ ፍሬኑ ሥር እንዳይወሸቅ ነው። ወደ ጎን ገፋ አድርጌ አራቅኩትና ዳር ያዝኩ።

«ተሰበረ?»

«አልተሰበረም።»

«መቁጠሪያውስ?»

«ደህና ነው እማዬ።»

«ተመስገን» አለች፤ ከዚያ ዝም።

ስፔኪዮውን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ ዳገቱን ቀጠልን። በአንድ ጉዞ ስንት ጊዜ ወደዚያ ቀና እንደምል ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ዓይኔ በየደቂቃው ይሄዳል፤ የሚያገኘው ሰማይ ብቻ ነው። የጎን ስፔኪዮዎቹ አሉ፤ ከኋላዬ የሚመጣውን መኪና ያሳዩኛል። እናቴን ግን አያሳዩኝም። የሠርጉን ወሬ ሳትጨርስ ትታው ነበር። ደጀን ደርሰን ሻይ ስንጠጣ ለምን እንደተወችው ብጠይቃት፣ «የምትሰማኝ አልመሰለኝም፤ ዓይንህ የለማ» አለችኝ።

ይህን ስሰማ አንድ የማውቀው ታሪክ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1911 ኢንዲያናፖሊስ ላይ የመጀመሪያው የ500 ማይል ውድድር ሲካሄድ፣ ተወዳዳሪዎቹ ከጎናቸው መካኒክ አስቀምጠው ነበር የሚሮጡት። የመካኒኩ አንዱ ሥራ ወደ ኋላ እያየ ማን እንደመጣ መንገር ነው። ሬይ ሃሩን የተባለው አሜሪካዊ ብቻውን ገባ፤ በሰውየው ፋንታ መኪናው ላይ መስታወት ሰቀለ። ውድድሩንም እሱ አሸነፈ። ለካ ስፔኪዮ ሰውን ተክቶ ነው እንጀራ የጀመረው። እኛ ዘንድ ሰውየው ገና አለ፤ ኤሱዙው ወደ ኋላ ሲመለስ ወርዶ ጎኑን በመዳፉ እየመታ «ና! ና! ና! በቃ!» የሚለው ረዳት እሱ ነው። እኔ ግን የማስበው ተቃራኒውን ነው። በእኛ መኪና ውስጥ ያ መስታወት ሰውን የሚያስቀር ሳይሆን፣ ከኋላ ያለውን ሰው ወደ ፊት የሚያመጣ ነው። አባቴም እኔን ያሳደገኝ በዚያ መስታወት ነው ማለት እችላለሁ። ከኋላ ተቀምጬ ሳጠፋ አይቆጣም ነበር፤ በስፔኪዮው አንዴ ያየኛል፣ ይበቃል።

ደጀን ጎሚስታ ቤት የሚሠራ አንድ ልጅ ስፔኪዮውን እጄ ላይ ሲያየው «ይቺማ ቀላል ናት» ብሎ ሱፐር ግሉ ይዞ መጣ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ከልቡ ነው የረዳኝ፤ ብሩን እንኳ በግድ ነው የተቀበለኝ። ደብረ ማርቆስ እስክንገባ፣ በ70 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ሁሉ ሳይነቃነቅ ሄደ። የሠርጉም ወሬ ከሉማሜ በፊት አለቀ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት ወንበሩ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ሌሊት፣ ማንም ሳይነካው ነው የወደቀው። የመኪናው የፊት መስታወት ላይ፣ ተለጥፎ በነበረበት ዙሪያ፣ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ቀርቷል። ቀጥዬ የጫማ ሠሪ ማስቲሽ ሞከርኩ። የጠዋቱን ብርድ ቻለ፤ ቀትር ላይ ግን ለስልሶ፣ ግማሽ ስንዝር ቁልቁል ተንሸራትቶ ጠበቀኝ። ማታውኑ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ነው አባቴ ዘንድ ይመላለሱ የነበሩትን ሽማግሌ መካኒክ ያስቸገርኳቸው። ጋራዣቸው ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ይላል። ስፔኪዮውን ተቀብለው እግሩ ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ቁራጭ አወጧት። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ጠፍጣፋ ብረት ናት። ብዙ ሰው ስፔኪዮው ራሱ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ይመስለዋል፤ የሚለጠፈው ይቺ ቁራጭ ናት፣ ስፔኪዮው እሷ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ከጣሪያው ጋር በብሎን የሚታሰሩም አሉ፤ እነዚያ ይህ ጣጣ የለባቸውም።

«በምን ለጠፍከው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«መስታወቱንስ በምን ጠረግከው?»

«በጨርቅ ነው ጋሼ።»

ብረቷን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሷት። «እያት። ሦስት ዓይነት ሙጫ ለብሳለች። ያንተ ሙጫ መስታወቱን መች ነካውና! የያዘው አሮጌውን ሙጫ ነው። አሮጌው ሲለቅ አብሮ ይለቃል።»

ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው ቀይ ፈሳሽ ያለባት ትንሽ ብልቃጥ አሳዩኝ። ብሎን በንዝረት እንዳይላላ ጥርሱ ላይ የሚያንጠባጥቡት ሙጫ ነው። «ለስፔኪዮ የሚሆነው የዚህ ወንድም ነው። እዚህ አታገኘውም፤ ባሕር ዳር መለዋወጫ ቤት ላክ።» ላክሁ። በማግስቱ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ደረሰልኝ፤ አንዲት ጠብታ ሙጫና አንዲት ትንሽ የማነቃቂያ ፈሳሽ፣ ሁለቱም ከጣቴ ያነሱ።

ይህ ሙጫ ጠባዩ ከሌላው ሙጫ ይለያል፤ እኔን ደግሞ በጣም ነው የማረከኝ። ሌላው ሙጫ አየር ሲያገኝ ይደርቃል። ይኸኛው አየር እስካለ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ ይኖራል፤ ብረት እየነካው አየር ያጣ ዕለት ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ ብልቃጡን እስከ አፉ አይሞሉትም፤ ሙጫው እንዳይጠጥር የሚተነፍሰው አየር ይተዉለታል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቨርነን ክሪብል የሚባል፣ አሜሪካ ሀርትፎርድ ከተማ ትሪኒቲ ኮሌጅ ኬሚስትሪ ያስተምር የነበረ ሰው ነው ለገበያ ያበቃው፤ ሎክታይት የተባለው የሙጫ ስም የመጣው ከዚያ ነው። መጀመሪያ የታሰበውም ለብሎን ነበር። ሽማግሌው መካኒክ ይህን ታሪክ ሳያነቡ «የዚህ ወንድም» ማለታቸው አሁንም ይገርመኛል።

ለእናቴ ሳስረዳት ብዙም አልከበዳት። «እንደ ጠላ ነው በለኛ» አለች። «ጋኑ ካልተመረገ ጠላ ይሆናል? አየር ሲገባው ይበላሻል።» ነገሩ ከእኔ አሥር እጥፍ ቀድሞ የገባት ይመስለኛል። ጠብታዋ ትንሽ መሆን ያለባት ለዚሁ ነው። ሰው ሳስቶ ሲያበዛው፣ ከብረቷ ጠርዝ የተረፈው አየር ያገኝና ሳይደርቅ እርጥብ ሆኖ ይቀራል።

ሱፐር ግሉ ለምን እንዳልያዘም ያን ሰሞን አነበብኩ። ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ይደርቃል፤ ድርቅ ያለ ነገር ደግሞ አይተጣጠፍም። በአንዲት ዲግሪ ሙቀት ብረት ከሚሊዮን 12 እጅ ያህል ሲለጠጥ የመኪና መስታወት 9 ገደማ ይለጠጣል። ልዩነቷ ኢምንት ናት። ነገር ግን ቀን የአባይን ሐሩር፣ ሌሊት ከጮቄ የሚወርደውን የጥር ብርድ የምትቀበል ቁራጭ ብረት በየቀኑ ትሳባለች፣ ትሰበሰባለች፤ መሃል ያለው ሙጫ አብሯት መተንፈስ ካልቻለ ይሰነጠቃል። እኔ ሌሊት ማንም ሳይነካው ወደቀ ያልኩት፣ ቀኑን ሙሉ ሲላቀቅ ውሎ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ግቢያችን ውስጥ ጀመርኩት። ሰዓቱን መርጬ ነው። ጠዋት መስታወቱ በረዶ ነው፤ ቀትር ላይ ደግሞ እጅ አያስነካም። መጀመሪያ የአሮጌውን ሙጫ ምልክት ከውጭ በኩል በፕላስተር አራት ማዕዘን አድርጌ ከበብኩት፤ ከውስጥ ሲጸዳ ምልክቱ ይጠፋላ። ከዚያ ምላጭ ይዤ ገባሁ።

መስታወቱን በሳሙና ውኃ አርጥቤ ምላጩን አጋድሜ ስገፋው የማስቲሹ ቅሪት ተጠቅልሎ ተነሣ። የሱፐር ግሉው እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተሰበረ ወጣ። ከሥሩ የፋብሪካው ሙጫ ነበር፤ ለዓይን የማይታይ፣ ጥፍር ሲሄድበት ብቻ የሚያስቆም። ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ እሱ ነው። አንገቴን ቀልብሼ፣ መሪው ሆዴን እየወጋኝ፣ ጥፍሬ ከዳር እስከ ዳር ሳይደናቀፍ እስኪንሸራተት ፋቅሁት። ከፋርማሲ የገዛሁትን አልኮል በንጹሕ ጨርቅ አሸሁበት። «ሃ» ብዬ ተነፈስኩበት፤ ጉሙ አንድ ጥግ ላይ ሸሸ። ቅባት አለ ማለት ነው። ደግሜ አሸሁ፣ ደግሜ ተነፈስኩ። በሦስተኛው ጉሙ እኩል ለበሰ። ብረቷንም በብርጭቆ ወረቀት እንደ አዲስ ሳንቲም እስክታበራ ፈገፈግኋት፤ ከዚያ በኋላ ፊቷን በጣቴ አልነካሁም። ለጣት የማይታየው ወዝ ለሙጫ ግድግዳ ነው።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። የእኛዋ ብረት አንዱ ጫፏ ጠበብ፣ ሌላው ሰፋ ይላል። ስፔኪዮው ከላይ ወደ ታች ስለሚንሸራተትባት ጠባቡ ወደ ላይ መሆን አለበት። ተገልብጣ ከተለጠፈች ሥራው ሁሉ ከሀ ይጀመራል።

ማነቃቂያውን ሁለቱም ላይ ቀብቼ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። እናቴን ጠራኋት፤ መጥታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። የእጅ ሰዓቴን አውልቄ ስለነበር ደቂቃውን እንድትቆጥርልኝ ለመንኳት። «መቁጠሩን አላውቅበትም፤ አባታችን ሆይ ልድገምልህ» አለች። ጠብታዋን ብረቷ መሃል ላይ አሳረፍኩ፤ ከፕላስተሩ ምልክት ጋር አስተካክዬ በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። ማንሸራተት የለም፣ ማንሣት የለም። እናቴ ከኋላዬ ቀስ ብላ ጸሎቱን ሁለት ጊዜ አደረሰች። «አሜን» ስትል ጣቴን አላላሁ። ብረቷ ቆመች።

ያን ዕለት ከሰዓት ቢቸና እኅቷ ዘንድ ልወስዳት ቃል ገብቼ ነበር። ነገ ይሁን አልኳት። ሙጫው በሩብ ሰዓት የያዘ ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለውም እዚያ ላይ ነው። እኔ 24 ሰዓት ሙሉ ስፔኪዮውን ሳልሰቅልበት አሳደርኩት። እናቴ አልተቆጣችም። «የተመረገ ጋን አይነካካም» ብላ ቡና ማፍላቷን ቀጠለች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰቀልኩት። ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ብሎን ያጠበቅሁት በጣቶቼ ጉልበት ብቻ ነው፤ ሽማግሌው መካኒክ አጥብቀው አስጠንቅቀውኛል። ብሎኗ ከልክ በላይ ስትገባ መስታወቱን ትጫነውና ትሰነጥቀዋለች። የፊት መስታወት ሁለት መስታወት ሆኖ በመሃሉ ፕላስቲክ የተጣበቀ ነው፤ ሲሰበር ፊታችን ላይ የማይረግፈው በዚያ ምክንያት ነው፤ ቢሆንም ስንጥቁ አንዴ ከጀመረ ወደ ኋላ አይመለስም። ከዚያ ከስፔኪዮው ሥር ያለችውን፣ ለሌሊት የምትሳበውን ምላስ ወደፊትም ወደ ኋላም ሞከርኳት። የስፔኪዮ መስታወት አንዱ ጠርዙ ወፍራም፣ ሌላው ስስ ነው፤ ምላሷ ስትሳብ ከኋላው ያለው ብር ቅብ ብርሃኑን ወደ ጣሪያ ይልከዋል፣ እኛ የምናየው ከፊተኛው ገጽ የሚመለሰውን 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ማታ ከኋላ ኤሱዙ ረጅም መብራቱን ለቆ ሲመጣ ያቺ ምላስ ዓይን ታድናለች። በጎጃም መንገድ ማታ የነዳ ሰው ይህን አይረሳም።

የቀረው መቁጠሪያው ነበር።

ሽማግሌው መካኒክ በቀጥታ ነበር የነገሩኝ። «አባትህን አውቀዋለሁ፤ መቁጠሪያውንም አውቀዋለሁ። ግን መኪና በነቀነቀ ቁጥር ይወዛወዛል፤ በተወዛወዘ ቁጥር ይጎትተዋል። ያለቀው ሙጫ ብቻ አይምሰልህ።» ይህን ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ሁለት ቀን ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቻለሁ። መልሼ ብሰቅለው ስፔኪዮው ዳግም ይወድቃል ብዬ እፈራለሁ፤ ካልሰቀልኩት ደግሞ አባቴን ከመኪናው ያስወረድኩት ይመስለኛል። በመጨረሻ መቁጠሪያውን በእጄ ይዤ ዝም ብዬ ቆምኩ። እሷ ከኋላ ወንበር እጇን ዘረጋች።

«አምጣው» አለች። «እሱ የሰቀለው ሊጸልይበት ነበር፤ እጁ መሪ ላይ ስለሚሆን ነው እንጂ። የእኔ እጅ ባዶ ነው።»

በሚያዝያ ለዓይኗ ቀጠሮ እንደገና ወደ አዲስ አበባ ወረድን። በዓመቱ ውስጥ በረሃው እጅግ የሚከፋበት ጊዜ ነው። ከደጀን አፋፍ ማሽቆልቆል ስንጀምር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አንዴ መንገዱን፣ አንዴ ስፔኪዮውን እያየሁ ወረድኩ። ያ ጉብታ ያለበት ቦታ ስንደርስ ፍጥነቴን ቀነስኩ፤ መኪናው ዘለለ፣ ስፔኪዮው ንቅንቅ አላለም። ከነጠላው ሥር እጇ ብቻ ይታየኛል። መቁጠሪያው አንጓዋ ላይ ዞሯል፤ ጣቶቿ አንዱን እንክብል ይለቃሉ፣ ሌላውን ይይዛሉ።

የጎማው ድምፅ ተለወጠ።

«ከጎጃም ወጣን?» አለች።

«ወጣን እማዬ።»

ነጠላው ተገለጠ።